የሃሪ ቢራና የፋሲካው ግጥሚያ

ባለፈው እሁድ ልጄ ማህሌት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ አዲስ የተከፈተ ቢራ ቤት ወሰደችኝ። «ዳዲ፣ የእንግሊዝ ቢራ አላቸው፤ ትወደዋለህ» አለችኝ። አስተናጋጁ ቡናማውን ቢራ በእጅ በሚሳብ ፓምፕ ቀድቶ አመጣልን። እሷ አንዴ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች። «ኧረ ዋርም ነው!» ለብ ማለቱስ ግድ የለም፤ የእንግሊዝ ቢራ ድሮም በረዶ አይወድም። ይሄኛው ግን ሆምጥጧል። አንድ ጉንጭ እንደወሰድኩ ያ የጥንቱ ንዴቴ እንደ አዲስ ተነሳብኝ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ፣ ፌርፋክስ ላይ የእኛ ሱቆች ገና በጣት የሚቆጠሩ ሳሉ፣ እኔ ዳውንታውን ፓርኪንግ እሠራ ነበር። ሥራዬ ከቀትር በኋላ ይጀምራል፤ ቅዳሜና እሁድ አያውቅም። የራሴ የምለው የእሁድን ጠዋት ብቻ ነበር። በዚያ ሰዓት ከአገሬ ልጆች ጋር ቅርባችን ባለ ፓርክ ኳስ እንጫወታለን፤ እኔ በረኛ ነኝ። ሜዳው ሜዳ ከተባለ ነው። አንዱ ጎል ጋ አቧራ፣ ሌላው ጋ ቧንቧ እያፈሰሰ ጭቃ ነበር። ዳር ዳሩን የበቀለው ባሕር ዛፍ በማለዳ ጤዛ ሲመታው ደስ የሚል ሽታ ነበረው። ያንን ሜዳ እወደው ነበር።

ከእኛ ቀጥለው የሚጫወቱት እንግሊዞች ነበሩ። አለቃቸው ሃሪ የሚባል ቶራንስ የሚኖር ሽማግሌ መካኒክ ነው፤ በቤቱ የመኪና ማቆሚያ ክፍል ውስጥ ያገሩን ቢራ ይጠምቃል። አንድ ቀን ጋበዘን። ቀመስኩት፤ አልቀዘቀዘም፣ አረፋው ጥቂት ነው፣ መረር ይላል።

«ታዴ፣ ይሄ እኮ ጠላ ነው!» አልኩ።

ካፒቴናችን ታደሰ የታክሲ ሾፌር ነው፤ ሰው ፊት ከማፈር ሞትን የሚመርጥ ዓይነት። «ዝም ብለህ ጠጣ፤ ሰውዬው ይሰማሃል» አለኝ። የምናወራው በአማርኛ ነው!

ሃሪ ስላደገበት ሰፈር ሜዳ ሲያወራ አይጠገብም። ኳስ ከአጥሩ አልፋ ባቡር ሐዲድ ላይ ስትወድቅ ጨዋታው ይቆማል፤ ማዕዘኑ ጋ ቢራ ቤት አለ። እኔም ኳሳችን ቀበና ወንዝ ስትገባ እንዴት እንደምንሯሯጥ ነገርኩት። «ታዲያ የአንድ ሰፈር ልጆች ነና!» ብሎ ሳቀ። ቢራ ሲቀዳልን ደግሞ ሁልጊዜ እንዲህ ይለናል፦ «ከተበላሸ ንገሩኝ። ፊት ለፊት የሚያመሰግን፣ በልቡ የሚረግም ጠጪ አልወድም።»

ኋላ የፓርኩ ቢሮ የእሁዱን ጠዋት ለአንድ ቡድን ብቻ እንደሚሰጥ፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ እንደሚጫወት ነገረን። ሃሪና ታደሰ «በኳስ ይለይ» ተባባሉ። ለሌሎቹ የሰዓት ለውጥ ነው፤ ለእኔ ግን ከሰዓት በኋላ ማለት ሥራ ማለት ነው። ከተሸነፍን ኳስ አበቃልኝ።

ግጥሚያው መጀመሪያ የዋለው በእነሱ ፋሲካ ነበር። ሃሪ ይተላለፍልን ሲል ታደሰ ደረቱን ነፍቶ «ኖ ፕሮብሌም፣ በዓል ይከበራል!» አለው። ከዚያ ሜዳው ሣር ሊዘራበት ተዘጋና፣ አዲሱ ቀን የእኛ ፋሲካ ላይ ዐረፈ። ያን ሁሉ የጾም ሳምንት ሥጋ ያልቀመሰ ቡድን በሚገድፍበት ጠዋት!

«ሃሪን ጠይቀው፤ አንድ ሳምንት ይግፋልን» አልኩት።

«ካም ኦን! አሁን ፖስትፖን አድርጉልን ብንል ፈሩ አይሉም?»

«እነሱ ሲጠይቁን እኛ ፈሩ አልን?»

«እሱ ሌላ ነው። ኦኬ፣ ሶ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይብላ።»

ትንሽ ትንሽ ይብላ! የፋሲካ ዶሮ ቀርቦ! እኔ አንድ እንቁላል በልቼ እጄን ብታጠብ፣ ያስፈሰኩን እትዬ አስናቀች «ምነው፣ ወጤ አልጣመህም?» ብለው ተቀየሙኝ። የቀሩት ግን «አፈር ስሆን» በተባሉ ቁጥር ጎረሱ። ሜዳ ሲደርሱ ዓይናቸው በእንቅልፍ ቀልቷል፤ ትንፋሻቸው ቅቤ ቅቤ ይላል።

እስከ እረፍት እንደምንም ያዝን። ፀሐይ ስትበረታ ተከላካያችን ሆዱን ይዞ ሣሩ ላይ ተቀመጠ፤ ታደሰ ባሕር ዛፉን ተደግፎ ቀረ። አጥቂያቸው ብቻውን መጣ፤ አዳንኩ። ደግሞ መጣ፤ አዳንኩ። «ኧረ ተነሱ!» እያልኩ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ሦስተኛው ገባ፤ ከዚያ በኋላ የገባውን መቁጠር ተውኩ።

ሃሪ ቤት ስንደርስ «ዛሬ ምን ነካችሁ?» አለ። እኔ ፋሲካችን መሆኑን ነገርኩት። ሽማግሌው ሊቀዳልን ያነሳውን የቢራ ጆግ አስቀመጠ። «ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም? ይሄ ጨዋታ አይቆጠርም። በሚቀጥለው እሁድ እንደገና እንጫወት።»

ልቤ ዘለለ። ታደሰ ግን እጁን እያወዛወዘ «ኖ፣ ኖ! አሸንፋችኋል፤ ይገባችኋል» አለ። አፌን ስከፍት በክርኑ ጎሸመኝ።

እኛ ዘንድ «ኧረ አይሆንም» የግብዣ መጀመሪያ ነው። ሃሪ ይህን በምን ይወቅ? ታደሰን ትኩር ብሎ አየው፤ «እንግዲህ እንዳልክ» ብሎ ቢራውን ቀዳ።

ወደ መኪናው ስንመለስ ታደሰ ፊቱ አመድ መስሎ «ሁለተኛ ይለምነኛል ብዬ እኮ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ጎል ውስጥ ቆሜ አላውቅም። ሥራ ስቀይር ጉልበቴም ሄዶ ነበር። ታደሰን እስኪሞት ድረስ በዚህ ነገር ወቅሼዋለሁ፤ ለቅሶው ላይ እንኳ ሳልናደድ አልቀረሁም።

ይህን ሁሉ ለማህሌት ስተርክላት ብርጭቆዬ እንደሞላ ነው። «ግን ዳዲ፣ ጀስት እሺ ማለት ምን ይከብዳል?» አለችኝ። «እሱን ታደሰን ጠይቂው!» አልኳት።

በዚህ መሃል አስተናጋጁ መጣ። ብርጭቆዬን አየና «ቢራው ደህና ነው? ልቀይርልዎት?» አለ።

«ኖ፣ ኖ! በጣም ጥሩ ነው» አልኩት።

ሁለተኛ እስኪጠይቀኝ ጠበቅኩ። ፈገግ ብሎ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ።