እናቴ ለጋዜጠኛዋ ያለችው

ፀሐይ ያነጣው ሻሽ ሽታው እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ? አቧራ አቧራ ይላል፤ ትንሽ ደግሞ የሰሊጥ ዘይት። ዛሬ ጠዋት ልብስ ከገመድ ሳወርድ ያ ሽታ መጣብኝና ደብተሬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ሰሞኑን ጻፊ ጻፊ ይለኛል፤ ደግሞም ይሆንልኛል!

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ድንበሩ አጠገብ፣ ከቁረይሻ ከተማ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ በሣር ጎጆ ነበር። ወንድሜ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ፋሽጋ እርሻዎች ሲሄድ እናቴ ቀይ ሻሿን ጎጆው ጫፍ ላይ ሰቀለች። የሰፈራችን እናቶች ሁሉ እንዲያ ያደርጉ ነበር። ጎጆው ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ አጫጁ አመሻሽ ላይ ከትራክተር ሲወርድ የእናቱን ጨርቅ አይቶ ነው የሚገባው።

"ሬዲዮ፣ እማዬን ጠብቂያት" አለኝ ወንድሜ ሲወጣ። ወሬ ስለማበዛ ሬዲዮ ነበር የሚለኝ።

"አንተ ራስህን ጠብቅ፣ እንቅልፋም!" አልኩት።

ሰሊጡ ታጨደ፣ ተራገፈ፣ ሌሎቹ ተመለሱ። "ተኩስ ተነሳ፣ ተበታተንን" ከማለት በቀር ስለ እሱ የሚያውቅ አልነበረም። ሻሹ ነጣ፤ እናቴ ሌላ ቀይ ሰቀለች። እሱም ነጣ።

በዚያ መሀል ሰፈራችን ከድንበሩ ርቆ ወደ መፋዛ በኩል ይዛወራል ተባለና አንዲት ጋዜጠኛ መጣች። አማርኛ አታውቅም። ዓረብኛ ስለምችል አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ፤ ኩራቴን ብታዪው!

"ኻላ፣ ስለ መዛወሩ ምን ተሰማሽ?" አለቻት እናቴን፤ ኻላ አክስቴ እንደማለት ነው።

የእኛ ሰው እንግዳ ፊት አይጮህም፣ አያለቅስም። እናቴ መጀመሪያ ውኃ አቀረበችላት፣ መረቀቻት። ከዚያ ዓይኗን ሻሹ ላይ አድርጋ፣ በዚያው በመስተንግዶ ድምፅዋ ረጅም ነገር ተናገረች። ውጭ መኪናው ጡሩምባ ነፋ፤ ጋዜጠኛዋ ሰዓቷን አየች። እኔም እንደ ትልቅ ሰው ቆረጥ አድርጎ መናገር አማረኝና "ዓዲ" አልኳት። ያው፣ ደህና ነው፣ ምንም አይደል እንደማለት።

"ተማም፣ ያ ቢት!" ጎበዝ፣ አንቺ ልጅ ማለቷ ነው፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ቀኑን ሙሉ እግሬ መሬት አልነካም።

ከቀናት በኋላ የጎረቤታችን አዛውንት ሬዲዮ ላይ የጋዜጠኛዋ ድምፅ መጣ።

"ምን ትላለች?" አሉኝ።

"ነዋሪዎቹ ነገሩን ለዘብ ባለ ስሜት ተቀብለውታል ትላለች።"

"ማነው የለዘበው?" አሉ አዛውንቱ፤ እሳቸው ለጋዜጠኛዋ ሲናገሩም ያስተረጎምኩት እኔ ነበርኩ። "ነው ወይስ የኔን እርግማንም አንቺ አለዘብሽው?"

"ይተዋት፣ ልጅ ናት" አለች እናቴ። እኔን ግን አላየችኝም።

መኪኖቹ መጡ። ሙሉውን ብናገርም መምጣታቸው አይቀርም ነበር ይሉኛል። ይሆናል። ጎጆው ሲፈርስ እናቴ አንዱን ቋሚ አስቀርታ መሬት ውስጥ ተከለችው፤ ሻሿን አሰረችበትና ወደ ኋላ ሳትዞር መኪናው ላይ ወጣች።

አሁንም ሬዲዮ ስለ የትኛውም አገር "ለዘብ ያለ ምላሽ" ባለ ቁጥር፣ ከዚያች ቃል ጀርባ የማን እናት ቆማ ይሆን እላለሁ። እዚህ መፋዛ እናቴ ሻሽ ሰቅላ አታውቅም።

ያን ቀን ያለችውን ዛሬ አንድም ሳልቀንስ ጻፍኩት፦ "ልጄ፣ ስላሰባችሁልን እግዜር ይስጥልኝ። መሄዱንስ በሄድኩ። ወንዱ ልጄ ግን የሚያውቀው ይቺን በር ነው። መጥቶ ቢያጣኝ ሞታለች ብሎ ይመለሳል። እሱ እስኪመጣ ተዉኝ፤ አደራሽን፣ እንዲህ አለች በይልኝ።"

ከጻፍኩ በኋላ ለእናቴ አነበብኩላት። ሰሊጥ እየለቀመች ነበር፤ እጇ ቆም አለ።

"አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት" አለችኝ። "አሁን ለማን ልትነግሪው ነው?"