ማተብ ያላት ደም መጣጭ

ርካሽ የደም መጣጭ ፊልም እወዳለሁ። ይኸው ተናገርኩ። «ጥሩ ፊልም ነው» ብዬ ግን ከማንም ጋር አልከራከርም፤ ጥሩ አይደለማ! ገንዘብ እንደ ጉድ የፈሰሰበትን አስፈሪ ፊልም ካየሁ ሳምንት ሙሉ ሽንት ቤት የምሄደው አባቴን ቀስቅሼ ነው። ርካሹ እንዲህ አይጨክንም። ከመቃብር የተነሣው ሬሳ የእጅ ሰዓት አስሮ ታዩታላችሁ። ጥርሱ ሊወልቅበት ሲል በምላሱ ደገፍ ያደርገዋል። የሌሊት ወፏ የተንጠለጠለችበት ክር ብርሃን ሲያገኘው ብልጭ ይላል። ልትፈሩት የተቀመጣችሁት ነገር ያሳዝናችኋል፤ እኔ ደግሞ የሚያሳዝነኝን መጥላት አልችልም። ጉድለቱን ቁጠሪ ካላችሁኝ ግን መሽቶ ይነጋል።

ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በተሠራ የደም መጣጭ ፊልም ላይ ዋናዋ ደም መጣጭ እኔ ነኝ። የዕለት ሥራዬ ክሊኒክ ውስጥ፣ ላብራቶሪ ነው። ሰኞ ጠዋት የሰው ክንድ አስሬ ደም እወስዳለሁ፤ እሁድ ከሰዓት ካባ ለብሼ ደም እጠጣ ነበር። ዳይሬክተራችን ሠርግ የሚቀርጽ ልጅ ነው። አንድ ቀን ለምርመራ መጥቶ፣ ክንዱን እንደዘረጋ ፊቴን ትክ ብሎ አየና «አንቺ እኮ ሜካፕ አያስፈልግሽም» አለኝ። ልመርቀው ወይስ መርፌውን ጠበቅ ላድርገው ብዬ አመነታሁ። በኋላ እንደ ሙገሳ ቆጠርኩለት።

ገንዘብ የሚባል ነገር አልነበረንም። የማታ መብራት ስለሌለን ሁሉንም በጠራራ ፀሐይ ቀረጽንና በኮምፒውተር ሰማያዊ ቀባነው፤ ጨረቃ ነው ተባለ። ልጁ የሚያውቀው የሠርግ ቅንብር ብቻ ስለሆነ፣ አንዱን ነክሼ በጣልኩ ቁጥር ከላይ ጽጌረዳ ይዘንባል። ጥርሴ ከፕላስቲክ ማንኪያ እጀታ የተቆረጠ ነው። ደሙ ቀይ ሥር ተቀቅሎ፣ በስኳር ወፍሮ ነው። አይ ስኳር! የማር አገር ላይ ሆነን ንብ መኖሩን አንዳችንም አላሰብንም። ቄስ ሆኖ የሚሠራው ልጅ መስቀል ሲያወጣብኝ እንድሸሽ ነበር የተነገረኝ። መስቀሉ ሲወጣና ንቡ አገጬ ላይ ሲሰፍር አንድ ሆነ። እንደዚያ የሮጠ ደም መጣጭ በዓለም ላይ የለም። አንድ ጫማዬን ጥዬ፣ «መርጡለ ማርያም ድረሽልኝ!» እያልኩ እርሻ ለእርሻ ተፈተለክሁ። ዳይሬክተሩ በደስታ ሊያብድ ደረሰ። ድምፄን አጥፍቶ ሙዚቃ ጫነበትና እንዳለ አስገባው። እስከ ዛሬ ሰው ትወናዬን ሲያደንቅ ያችን ቦታ ነው የሚያነሣው፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ አመሰግናለሁ።

ፊልሙ ስልክ ለስልክ፣ ፍላሽ ለፍላሽ ከተማውን አዳረሰ። ባጃጅ ስሳፈር ሾፌሩ የጃኬቱን አንገትጌ ወደ ላይ እየሳበ ይስቃል። ክሊኒክ ውስጥ አንዲት እናት «ከአንቺ በቀር ማንም ይውጋኝ!» ብለው እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደበቁ። ይሄ ሁሉ ያስቀኝ ነበር። ያላሳቀኝ አባቴ ብቻ ነው። እናቴ የሞተችው እኔ ሕፃን ሳለሁ ነው፤ ቤት ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነን። ስለ ፊልሙ ክፉም ደግም ከአፉ አልወጣም። ቢቆጣኝ በወደድኩ። ዝምታው ግን አንጀቴን አቃጠለው፤ አፍሮብኛል ብዬ ደመደምኩ።

በዚህ መሀል የምወደው ሰው ሽማግሌ ልኮ ሊያስጠይቀኝ ሆነ። እዚሁ ማርቆስ የሚያስተምር መምህር ነው፤ ወላጆቹ ደጀን ናቸው። ሽማግሌዎቹ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሊመጡ ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ ጠራኝና «ያንን ፊልምሽን አዘጋጂው» አለኝ።

«የምን ፊልም?»

«ደም የምትጠጪበትን። ለሽማግሌዎቹ አሳያቸዋለሁ።»

አባቴ የከብት ነጋዴ ነው። ገበያ ላይ «ይሄ በሬ ይዋጋል፣ ያኛው እርሻ መሀል ይተኛል» ሳይል ከብት ሸጦ አያውቅም። ገዢው ምንም ሳይጠይቅ ነውሩን ዘክዝኮ ይነግረዋል። በዚህ ምክንያት ስሙ የተመሰገነ ነው። ግን በከብት እንጂ!

«እኔ በሬ ነኝ እንዴ አባዬ?» ብዬ ጮህኩ።

«በሬ ብትሆኚ መች ይቸግረኝ ነበር» አለ። «ነገሩ ተደብቆ ከተዳርሽ በኋላ አንዱ ወሬኛ ስልኩን አውጥቶ ለአማትሽ ቢያሳይስ? ያኔ አንገትሽን ደፍተሽ ልትኖሪ ነው? አይተው ይውሰዱሽ፤ ካልፈለጉም አይተው ይሂዱ።»

ለመንኩት፣ አኮረፍኩት፣ እራት አልበላም አልኩት። ድንጋይ! ለመምህሩ ደወልኩና ነገርኩት። መጀመሪያ ከት ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ግን «መጨረሻውንም ያሳያቸዋል?» አለኝ። «ሙሉውን ነው» ስለው «እግዚኦ!» ብሎ ቀረ። የደነገጠው ወዶ አይደለም። ፊልሙ መጨረሻ ላይ ሹል እንጨት ደረቴ ላይ ሰክቶ የሚገድለኝ እሱ ነው። ለዚያ ቦታ የታሰበው ተዋናይ ሳይመጣ ሲቀር፣ ዳይሬክተሩ በመንገድ ሲያልፍ ያገኘውን ቁመተ ረጅም ሰው ጎትቶ አመጣ። የተዋወቅነው እንደዚያ ነው። ቤተሰቦቹ ስለ ፊልሙ ወሬውን እንኳ አልሰሙም።

እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፤ የወላጆቹ የንስሐ አባት የሆኑ ቄስ፣ ደጀን ላይ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ጎረቤታቸው ሐጂና ልጁን ያስተማሩት ጡረተኛ መምህር። እኔ በወጉ ጓዳ ገብቼ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌያለሁ። ቄሱ በሚያምር አነጋገር ጀምረው «ልጅዎን ለልጃችን» አሉ። አባቴ አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገና «ልጄ ነውር አለባት። ሳታዩት አፌን አልከፍትም» አለ።

ሐጂው «አላህ ይማራት፣ ሕመም ነው?» ሲሉ ሰማሁ።

«የለም፣ ፊልም ነው» አለ አባቴ። «ነይ እስኪ ይሄን ነገር ክፈቺ!»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ግልግል ነበር። የምትጠየቅ ልጅ ተሸፋፍና ጓዳ ትቀመጣለች እንጂ፣ ሽማግሌ ፊት ተንበርክካ ቴሌቪዥን ላይ ፍላሽ ትሰካለች? ሰካሁ። በማንኪያ ጥርሴ እያገሳሁ ብቅ አልኩ። ቄሱ አማተቡ። እኔ ሪሞት ይዤ ግድግዳው ሥር ቆምኩ፤ ትዳሬ ሲፈርስ ቆሜ ላየው ነው ብዬ።

የፊልም ተቺ አይቻለሁ የሚል እነዚህን ሦስት ሰዎች አላየም። ጡረተኛው መምህር ቀድመው ተነሡ። «ሌሊት ነው ካላችሁ፣ ከኋላዋ ያሉት ሴትዮ ለምንድን ነው በርበሬ የሚያሰጡት?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ስንት ጊዜ አይቼው ሴትዮዋን አላየኋቸውም ነበር። ሐጂው ደግሞ ዓይናቸውን ከካባዬ አልነቀሉም። «ይሄ የኮት ገበር ነው፤ ያውም ገልብጣ ነው የለበሰችው። በግልባጩ ካባ ማንን ያስፈራል?» ቄሱ ደሙን አይተው ፊታቸው ጠቆረ።

«ይሄን የጠጣሽው መቼ ነው ልጄ?»

«በዐቢይ ጾም ነው አባ።» ቶሎ ብዬ ጨመርኩበት። «ግን ቀይ ሥር ነው፤ የጾም ነው።»

«ቅቤ የለበትም?»

«የለበትም አባ።»

«እንግዲያው ጠጪ» አሉና ወደ ፊልሙ ተመለሱ። እየቆየ ነገሩ ጣማቸው። አንዱ ጅል ገጸ ባሕርይ በሩን ሳይቆልፍ ሲተኛ ሐጂው «አንተ ከንቱ! ተነሥ!» ብለው ጮሁበት። ጽጌረዳው ሲዘንብ ተሳሳቁ። መስቀሉ ሊወጣ ሲል አባቴ ቀስ ብሎ «አሁን ንብ ይመጣል» አለ።

ዞሬ አየሁት። እንዴት አወቀ? ንቡ መጣ፣ እኔም ተፈተለክሁ። ቄሱ ግን በድንገት «አቁሚ! አቁሚ!» አሉ። አቆምኩ። ብድግ ብለው አፍንጫቸው ቴሌቪዥኑን እስኪነካ ቀረቡ። ስሮጥ የካባዬ አንገት ተከፍቶ፣ ጥቁሩ ማተቤ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ዳይሬክተሩ አውልቂው ብሎ ስንቴ ለምኖኝ ነበር፤ ማተቤን ለፊልም ብዬ አላወልቅም ብዬ ተጣልተን፣ በአንገትጌ ሸፍነነው ነበር።

«ማተቧ አንገቷ ላይ ነው» አሉ ቄሱ። «ደግሞ ከንፈሯን እዩት፤ ማርያምን እየጠራች ነው። ማርያምን እየጠራች ከመስቀል የምትሸሽ ደም መጣጭ የት አገር ታይቷል?»

«ፊልሙን አበላሸችው» አሉ ጡረተኛው መምህር።

«ፊልሙን ታበላሽ እንጂ! ሌላ ነገር አላበላሸች» አሉ ቄሱ፤ ተመልሰው ሲቀመጡ በፈገግታ አዩኝ። ሐጂውም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። አለፍኩ ማለት ነው።

«እዚህ ላይ አጥፊው» አለ አባቴ።

«እንዴ! ልባችንን ሰቅለው?» አሉ ሐጂው። «መጨረሻውስ?»

«መጨረሻውን እኔም አላውቀው። ሁልጊዜ እዚህ ስደርስ አጠፋዋለሁ።» መሬት መሬት እያየ ነበር የሚናገረው። «ትሞታለች ብለውኛል። እናቷን ቀብሬያለሁ። ይቺን በጨዋታም ቢሆን ሞታ አላያትም።»

አፍሮብኛል እያልኩ የተንገበገብኩበት ዝምታ ይሄ ነበር። ለካ አባቴ እኔ ሥራ ስውል ፊልሜን በስልኩ እያየ፣ እየሳቀ፣ እዚህ ሲደርስ እያጠፋው ነበር። ዕንባዬ መጣ። ጡረተኛው መምህር በዝግታ «ነውር ከታየ ሙሉው ይታይ እንጂ» አሉ፤ አባቴም «ልክ ነዎት፤ እናንተ እዩት» ብሎ ወጥቶ ደጅ ቆመ።

ከፈትኩት። ረጅሙ ሰውዬ ሹል እንጨቱን ይዞ ሲመጣ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ አላወቁትም። ቀና ሲል ሐጂው ጭናቸውን መቱ። «ይሄ የኛው ልጅ አይደለም እንዴ! ገዳዩን ይዘን ነው ልጅ ልንለምን የመጣነው?»

ቄሱ ፊልሙን አስቁመውኝ ተነሡና በሩ ላይ ሆነው አባቴን ጠሩት። «ይግቡ ወንድሜ። እርስዎ ሳይደብቁን እኛ ደብቀን ልጅ አንወስድም። መጨረሻ ላይ የሚገድላት፣ እኛን የላከን ልጅ ነው።»

የአባቴ ፊት ተለዋወጠ። «እሱ ነው?» አለኝ። «እሱ ነው አባዬ» አልኩት። አለቀልኝ ብዬ ነበር፤ ማተቤ ከሽማግሌዎቹ ቢያስታርቀኝም ከአባቴ ፍርሃት የሚያስጥለኝ አልነበረም። ተቀመጠ። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «እንግዲህ ልየው» አለ።

ረጅሙ ሰውዬ እንጨቱን ሰነዘረ። በብብቴ ሥር እንዳለፈ ለማንም ግልጽ ነው። እኔም አጓራሁ፣ ወደቅሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። እዚህ ላይ ዳይሬክተሩ «ቁረጥ» ማለት ነበረበት፤ ነገር ግን ከካሜራው ትርፍ ባትሪ ጋር ሲታገል ረሳው፣ በኋላም የሚተካበት ስላልነበረው እንዳለ ተወው። እኔም ሞቴን ደግሜ ማየት ስለማልወድ ያንን ረስቼው ነበር። ሰውዬው እንጨቱን ወርውሮ ተንበረከከ። «አመመሽ? ነካሁሽ እንዴ?» አለ። የሞትኩት ሴትዮ ዓይኔን እንደጨፈንኩ ራሴን ነቅንቄ «የለም» አልኩ። «እውነትሽን ነው?» አለ፤ ጃኬቱን አውልቆ፣ መሬቱ ጭቃ ስለነበር፣ ከጭንቅላቴ ሥር አደረገልኝ።

አባቴ «መልሺው» አለኝ። መለስኩት። ድጋሚ ገደለኝ፤ ድጋሚ ጠየቀኝ። አባቴ ወደ ሐጂው ዞሮ፣ በደንብ የሰማውን ነገር እንዳልሰማ፣ «ምንድን ነው ያላት?» አለ።

«አመመሽ ወይ ነው ያላት» አሉ ሐጂው።

አባቴ ፊቱን በነጠላው ጠረገ። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ «ሰጥቻችኋለሁ» አላቸው። «ለልጁም ንገሩልኝ፤ ሁልጊዜ እንዲህ እያለ ይጠይቃት።»