የተቆረጠው ሰደፍ

ባለፈው እሑድ የታናሽ እህቴ ልጅ ዳዊት ሊጠይቀኝ መጣ። ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ብቻዬን ስለምኖር እሱ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ሽሮ በማሽላ እንጀራ አቀረብኩለት፤ እሱ ግን በአንድ እጁ እየጎረሰ በሌላው ስልኩን አልለቅ አለ። ስልኩ ውስጥ አንድ ፈረንጅ ቆሞ ጠመንጃ ያሳያል። የአደን ጠመንጃ ነው፣ ሲተኮስ እርሳሱ እንደ ሽምብራ የሚበተነው ዓይነት። አንዱን ሰደፉን ትከሻው ላይ ደግፎ ይተኩሳል። ሌላው ደግሞ ሰደፍ የለውም፤ እንደ ሽጉጥ የሚጨበጥ አጭር እጀታ ነው ያለው፤ እሱን ወገቡ ላይ ይዞ ይተኩስና ይስቃል።

«አክስቴ፣ እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይመርጣሉ?» አለኝ ዳዊት። «ባለ ሰደፉን ነው ወይስ ይሄን አጭሩን? አጭሩ አያምርም?»

አያምርም ወይ ይለኛል! ጫማ የሚያማርጥ ነው የሚመስለው። የያዝኩትን የውሃ ጣሳ ጠረጴዛው ላይ እንዲህ አድርጌ ስመታው ልጁ ደነገጠ። ምን እንዳጠፋ አላወቀም፤ ማንስ ነግሮት! በእኛ ቤት የዚያ ነገር ወሬ አይነሳም። እኔ ግን ይህንኑ ጥያቄ ገና ልጃገረድ ሳለሁ እዚሁ ሰቆጣ ገበያ ዳር ሰምቼዋለሁ። መልሱን የሰጠውን ሰው እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ያደግነው ከሰቆጣ ራቅ ብላ ባለችው ዝቋላ ነው። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤቱን የያዙት እናቴና ታላቅ ወንድሜ ካሴ ነበሩ። አባቴ ትቶልን ከሄደው ነገር ሁሉ የሚከበረው ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃው ነው። ማሽላው ማፍራት ሲጀምር ካሴ ጠመንጃውን ይዞ ማማ ላይ ይወጣል፣ እኔ ከሥር እሳት አንድጄ እሸት እጠብስለታለሁ። የዚያን እሸት ሽታ ዛሬም ጥቅምት በገባ ቁጥር አፍንጫዬ ይፈልገዋል። ዝንጀሮ ሲመጣ ካሴ አንዴ ወደ ሰማይ ይተኩሳል፣ መንጋው እየጮኸ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ካሴ ደግ ልጅ ነበር፤ ዝንጀሮ እንኳ ሲገድል አላየሁትም።

አንድ ጠዋት ግን ማማው ላይ ሲወጣ እግሩ አዳለጠውና ጠመንጃው ባረቀ። እርሳሱ በአገዳው መሃል ተበተነ። እዚያ መሃል የጎረቤታችን የአያ ኪሮስ ልጅ ሲሳይ ነበር፤ ዝንጀሮ ከእነሱ ማሳ እያባረረ መጥቶ ነው። አንዷ ፍንጣሪ ዓይኑን አገኘችው። ካሴ ጠመንጃውን ድንጋይ ላይ ወርውሮ ሮጠ፣ ሲሳይን በጀርባው አዝሎ ዳገቱን እያለቀሰ ወጣ። ሲሳይ ተረፈ፣ አንድ ዓይኑ ግን ጠፋ። የጠመንጃው ሰደፍም ድንጋዩ ላይ ሲወድቅ ተሰነጠቀ።

ሽማግሌዎች ገቡ። አያ ኪሮስ የተቆጣ ግን ሚዛን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ልጁን አዝሎ ያመጣለት ማን እንደሆነም አይቷል። በካሣው ተነጋግረው ጨረሱ፣ የእርቁም ቀን ተቆረጠ። የቀረው ጠመንጃው ነው። በእኛ ቀበሌ እርቅ ሲወርድ በዳዩ ደም ያፈሰሰውን ጠመንጃ ይዞ ይመጣል። ጥይቱን ያወጣና አፈሙዙን ወደ ገዛ ደረቱ ያዞራል፤ ሰደፉን ለተበዳዩ ይዘረጋል። ተበዳዩ ሰደፉን ጨብጦ ከተቀበለው በኋላ መሬት ላይ ያስተኛዋል። ሁለቱ በጠመንጃው ላይ ተሻግረው ይሳሳማሉ። ከዚያ ወዲያ ቂም የያዘ ሰው ከአገር ነው የሚወጣው። ስለዚህ የተሰነጠቀው ሰደፍ መለወጥ ነበረበት፤ ስንጥቅ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። አባቴ ለዚሁ ለሰደፍ ብሎ ቆጥ ላይ ያደረቀው የዋንዛ ጣውላ ነበር። እናቴ አውርዳ አቧራውን በነጠላዋ ጠርጋ ለካሴ ሰጠችው።

ወደ ሰቆጣ ሦስት ሆነን ወጣን፤ ካሴ፣ እኔ ማር ልሸጥ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም አያ ብሬ ደግሞ «የቤቱ ትልቅ እኔ ነኝ» ብሎ። መንገዱ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ቁልቁለቱን ወርደን ደረቅ ወንዝ ተሻግረን እንደገና ዳገት። ግራር ጥላ ሥር በሶ በማር በጥብጠን ጠጣን። ካሴ ጣውላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ያፏጭ ነበር። ከዚያ ጠዋት ወዲህ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም ነበርና እኔም ልቤ ቀለል አለኝ።

ከተማ እንደገባን ገበያው መሃል አንድ ሰው አየን። ጋቢ ለብሷል፣ ከጋቢው ሥር የአጭር ጠመንጃ አፈሙዝ ብቅ ብሎ ይታያል። ሰደፉ ተቆርጦ የሽጉጥ እጀታ ተበጅቶለታል። ሰዉ መንገድ ይለቅለታል፣ ነጋዴው ሳይቀር ብድግ ይላል። አያ ብሬ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ጠመንጃ ጠጋኙ አንድ በረንዳ ላይ መጋዙንና ሞረዱን ዘርግቶ ተቀምጧል። ጠመንጃችንን አገላብጦ አየና፣ «አዲስ ሰደፍ ልሥራለት ወይስ ቆርጬ እጀታ ላብጅለት?» አለ።

«ሰደፍ ነው» አለ ካሴ። «እንጨቱንም ይዘን መጥተናል።»

«ቆይ አንተ» አለ አያ ብሬ። «ያን ሰው አላየኸውም? ይህን ረጅም እንጨት ተሸክመን ማን ያከብረናል? ቁረጠው!»

«አያ፣ እርቁስ? ሲሳይ ምኑን ይዞ ይቀበለኛል?»

«እጀታውን ይይዛላ! እጀታ እንጨት አይደለም?»

እኔ አላስቻለኝም። «አያ ብሬ፣ አጭር ጠመንጃ እኮ ሰው ላይ ለማድባት ነው የሚባለው። እነ አያ ኪሮስ ምን ይሉናል?» አልኩ።

«አንቺ ማርሽን ሽጪ» አለኝ። «ሴት ስለ ጠመንጃ ምን አግብቷት!»

ምን አግብቷት! የሞተ እንደሆነ አልቃሿ እኔ፣ የታሰረ እንደሆነ ስንቅ አቀባይዋ እኔ፤ ሲመረጥ ግን አያገባኝም። ካሴ ጣውላውን ከትከሻው አውርዶ በረንዳው ላይ አኖረ፤ ያን ጊዜ አጎት ፊት ድምፅ ከፍ ማድረግ አይታሰብም። ጠጋኙም ነገሩ ሳይገባው ቀርቶ አይመስለኝም። ግን የጮኸውን ሰው አይቶ መጋዙን አነሳ። የአባቴን ዋንዛ ደግሞ አያ ብሬ «ለድካምህ» ብሎ ሰጠው። ለድካሙ! እናቴ በነጠላዋ የጠረገችውን! መጋዙ ሲፈቀፍቅ ጥርሴን አሳከከኝ። የተቆረጠው ሰደፍ ፍቅፋቂው መሃል ሲወድቅ አንስቼ ማር ያመጣሁበት ከረጢት ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም፤ እዚያ በረንዳ ላይ እንዲቀር አልፈለግሁም።

እናቴ አጭሩን ጠመንጃ ስታይ ቁጭ አለች። እንደገና ሰቆጣ ሄዶ ለመመለስ ጊዜ አልነበረም፤ እርቁ በማግስቱ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ሾላ ሥር እነሱ በአንድ በኩል፣ እኛ በሌላው በኩል ቆምን። ሽማግሌው አባ ፈንታ መሃል ናቸው። ካሴ ጋቢውን አገልድሞ መጣና አፈሙዙን ደረቱ ላይ አድርጎ ዘረጋ። ሲሳይ ዓይኑ ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሮለታል፣ በአንድ ዓይን ማየትን ገና አልለመደም። እጁን ሰደፉ መኖር ወደነበረበት ቦታ ዘረጋና ጨበጠ። እጁ ውስጥ ምንም አልነበረም። ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ ባዶ። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ።

አባ ፈንታ በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣና ለእነሱ ታገሡ የሚል ነገር ተናገሩና ወደ እኛ ዞሩ። «ይህ ጠመንጃ ለምን አጠረ?» አሉ በአማርኛ።

«ለአያያዝ እንዲመች ነዋ!» አለ አያ ብሬ ደረቱን ነፍቶ።

«ለአያያዝ ነው ለመደበቅ?» አለ አያ ኪሮስ። «ጋቢ ሥር የሚገባ ጠመንጃ ይዞ ለእርቅ የመጣ ሰው አላየሁም። አንዱን ዓይኑን ወስዳችኋል፤ የቀረውን በየትኛው ገበያ ልትወስዱት ነው?»

«ብሬ» አሉ አባ ፈንታ፣ «ሰደፍ አስገጥመን እንመጣለን በል። አጥፍቻለሁ በል፤ ይበቃል።»

«እኔ ለጠመንጃዬ ቅርፅ ማንንም አላስፈቅድም!» አለ።

ጠመንጃዬ ነው ያለው! የአባቴን ጠመንጃ! ካሴ እዚያው ተንበርክኮ ድንጋይ ተሸከመ፣ እናቴ መሬት ሳመች፤ የሰማን የለም። አያ ኪሮስ ሲሳይን ክንዱን ይዞ ጎተተው። ከነወንድሞቹ ዳገቱን ወጡ።

እርቅ የፈረሰበት ሰው በቀል ፈርቶ ማሳ አይወጣም፣ ውሃ አይወርድም። ከጥቂት ቀን በኋላ እናቴ በሶ ቋጠረችለትና ካሴ ወደ ሑመራ ሰሊጥ አጨዳ ሄደ። ከሑመራ ሱዳን ተሻግሯል የሚል ወሬ መጣ። ከዚያ ወሬም የለም። እናቴ በዚያ በኩል የመጣ መንገደኛ ሁሉ ውሃ ሳታጠጣና ሳትጠይቅ አታሳልፍም ነበር። እየጠየቀች ሞተች።

አያ ብሬስ? ኖረ! ልጆቹን ዳረ፣ በየሠርጉ አጭሩን ጠመንጃ ከጋቢው ብቅ እያደረገ ተከበረ። አንድ ጊዜ ብቻ ሊተኩስበት ሞክሮ፣ ምቱን ትከሻ ላይ የሚያሳርፍ ሰደፍ ስላልነበረው የእጁ አንጓ ዞረና ወጌሻ ቤት ከረመ። ደግሞ አልተኮሰም፤ ማሽላችንን ዝንጀሮ በላው። ሲሞት አልቃሾች ጀግና አሉት። እኔ ቀብሩ ላይ እንባ አላወጣሁም፣ ዛሬም ቢሆን አላወጣም። ዕድሜ ያበርዳል ይሉኛል። እኔን ያበረደኝ ነገር የለም።

ይህን ሁሉ ለዳዊት ነገርኩት። ሽሮው ቀዘቀዘ፣ ስልኩም በራሱ ጠፋ። ተነሥቼ በሩ እንዳይዘጋ የማስደግፍበትን እንጨት አምጥቼ እጁ ላይ አኖርኩት። ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰው፤ መጋዙ የነካው ጎን አሁንም ሸካራ ነው።

«ሲሳይስ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

ሲሳይን የዛሬ ጥቂት ዓመት እዚህ ገበያ አግኝቼዋለሁ። ሸምግሏል፣ ፍየል ሊሸጥ መጥቶ ነው። ሰላም ልበለው አልበለው ብዬ ስቆም እሱ ቀድሞ ወደ እኔ መጣ። ስለ ካሴ ጠየቀኝ፤ ወሬ የለም አልኩት። የፍየሉን ገመድ እጁ ላይ ጠመጠመና፣ «እቴ፣ እኔ እኮ ታርቄ ነበር» አለኝ። «እጄን ሁለት ጊዜ ነው የዘረጋሁት። የምይዘው አጣሁ።»