ጋሼ ድርብ፣ ፒካፑና ተጎታች ቤቱ

የእህቴ ባል በያጅ ነው። በያጅ ነው ብዬ ብቻ ባልፍ ግን እሱም ይቀየመኛል፣ ወሬውም ይጎድላል። ሌላው በያጅ አንድ ላሜራ በሚያደርግበት እሱ ሁለት ይደርባል፤ ለሌላው ሁለት ማጠፊያ የሚበቃውን በር እሱ በአራት ያስረዋል። የእሱን በር መክፈት ትከሻ ይጠይቃል። የእሱን አልጋ የገዙ ሰዎች ቤት ሲቀይሩ አልጋውን እዚያው ትተውት ይሄዳሉ፣ ማን ያንሣው? ደንበኞቹ ታዲያ "ድርብ" አሉት፣ ስሙም በዚያው ጸደቀ። እኔ በፊቱ "ጋሼ" እለዋለሁ፣ ዞር ሲል "ጋሼ ድርብ"። ያውቃል፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል።

ቡሎን የሚባል ነገር ደግሞ ዓይኑን ማየት አይወድም። "ቡሎን ዛሬ ይጠብቃል፣ ነገ ይላላል። የተበየደ ግን ተበየደ!" ይላል።

እህቴ እስካለፈው ዓመት ድረስ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ካርታ ፊት ቆማ በዘንግ ባሕር ስታሳይ ኖራ አንድም ቀን ባሕር አይታ አታውቅም። ጋሼ ሲያገባት "ወስጄ አሳይሻለሁ" ብሏት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የትምህርት ቤት አጥር ሥራ መጣ፤ በሁለተኛው የሆስፒታል በሮች መጡ፤ በሦስተኛው ልጅ መጣ፤ ከዚያ በኋላማ የማይመጣ ነገር አልነበረም። "ለከርሞ" የምትባለው ቃል በዚያ ቤት እንደ ጨው ሳትጠፋ ኖረች። እህቴ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትቆጣ ነበር፣ በኋላ ትቀልድበት ጀመር፣ በመጨረሻ ጭራሽ አላነሣችውም። ጋሼን ያስደነገጠው ይሄ የመጨረሻው ነው።

እሷ ጡረታ በወጣች ሰሞን የብየዳ ቤቱን ለወንድሞቹ አስረከበና ምሳ ላይ ሁላችንም በተሰበሰብንበት አወጀ።

"ፒካፕ ላዝ ነው! ትልቁን፣ አዲሱን! ተጎታች ቤት እሠራለሁ፣ አልጋም ወጥ ቤትም ያለው። ቤታችንን ከኋላ አስከትለን ባሕር ድረስ!"

እህቴ ውኃዋን ጠጣችና ብርጭቆውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። "መልካም መንገድ። ስትደርስ ደውልልኝ።"

"አብረን ነው እንጂ!"

"እኔ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም። ባሕሩን በካርታ አውቀዋለሁ፣ ይበቃኛል።"

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል ፊቷን አየሁና ተውኩት። እህቴ ግትር ሴት አይደለችም። ተስፋ ማድረግ ነው የታከታት። ጋሼም ገብቶታል፤ መኪናው ቢመጣም፣ ቤቱ ቢሠራም፣ እሷ ካልተሳፈረችበት ምን ዋጋ አለው? ያም ሆኖ "እባክሽ" አላላትም። ስንት ጊዜ ቃል ገብቶ ያፈረሰ ሰው በምን አፉ ይለምናል?

እኔ ሴት ብሆንም የተማሪ አውቶቡስ ሹፌር ስለሆንኩ ለማዘዝ ሲሄድ አዋቂ ተብዬ ተከተልኩ። ሻጩ ከረባቱን እስከ ጉሮሮው ያጠበቀ ትሑት ሰው ነበር። ወንበሩ እንደሚሞቅ፣ ስክሪኑ መንገድ እንደሚያሳይ ማስረዳት ሲጀምር ጋሼ ከአጠገባችን ተሰወረ። ዞር ብንል ጫማው ብቻ ይታያል። ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ ለማሳያ ከቆመው ፒካፕ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሻንሲውን በጣቱ ያንኳኳል።

"አባቴ፣ የወደቀብዎት ነገር አለ?" አለ ሻጩ ጎንበስ ብሎ።

"ይሄ ብረት ነጠላ ነው እንዴ?" የሚል ድምፅ ከሥር መጣ።

"ፋብሪካው ነው እንደዚያ የሠራው።"

"ይሁን። ስንት ይጎትታል?"

"ሦስት ቶን ተኩል።"

"ከዚያ በላይስ?"

"ከዚያ በላይ ካሰኘዎት የጭነት መኪና ይግዙ።"

ጋሼ ከሥር ወጥቶ አቧራውን ሳያራግፍ እንደ ሙሽራ ፈገግ አለ። የኋላ መጎተቻው፣ የተጎታቹ ፍሬን፣ ሰፋፊዎቹ ስፖኪዮዎች፣ ሁሉም ይግቡ አለ። ቀለም ሲጠየቅ ግን ተንተባተበ። ስልኩን አውጥቶ ለእህቴ ደወለ፤ ጆሮው ትንሽ ስለማይሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎት ሁላችንም እንሰማለን።

"ምን ዓይነት ቀለም ይሁን?"

"ለማልሄድበት መኪና ምን አገባኝ?" አለች። የዘጋችው መስሎን ተያየን። ከዚያ፣ "ነጭ ብቻ እንዳታደርገው። ቆሻሻ ያሳያል።"

ጋሼ ሻጩን አቀፈው። እኔንም አቀፈኝ። ጥግ ላይ ጎማ ስትወለውል የነበረችውን የጽዳት ሠራተኛ ሊያቅፍ ሲሄድ እጁን ይዤ መለስኩት። "ሰማያዊ!" አለ። "ሰማያዊ ይሁን!"

መኪናው ከሩቅ ስለሚመጣ ወራት ጠብቁ ተባልን። እንግዲህ እጁ ሥራ ፈትቶ ለማያውቅ በያጅ ወራት ጠብቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያየነው እኛ ነን። ተጎታች ቤቱን ግቢ ውስጥ ጀምሮ ወዲያው ጨረሰው። እውነቱን ለመናገር ያኔ ልክ ነበር፤ የሚያምር፣ መጠነኛ ቤት። ችግሩ መኪናው አለመምጣቱ ነው። ጋሼ ጠዋት ይነሣል፣ ወደ መንገዱ ያያል፣ መኪና የለም፤ ዞሮ ቤቱን ያያል፣ አንድ ነገር ይጨምርበታል። ግድግዳው ላይ ሁለተኛ ግድግዳ። ወለሉ ሥር ሌላ ወለል። ጎረቤት አጥር ላይ ተደግፎ "ሌባ ቢመጣስ?" ሲለው ሁለተኛ በር። "ፀሐይ ቢበረታስ?" ሲለው የላሜራ ጥላ። ጎረቤት ደግሞ አፉ ሥራ አይፈታም።

"ጋሼ፣ ክብደቱን አስበኸዋል?" አልኩት አንድ ቀን።

"ይሄ እኮ መቶ ዓመት ይቆያል!"

"አንተስ?"

"እኔም ውስጡ ከሆንኩ እቆያለሁ!" ብሎ መነጽሩን አጥልቆ ወደ ብየዳው ተመለሰ።

እህቴ ይህን ሁሉ በመስኮት ታያለች እንጂ ወጥታ አታውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ፣ በተጎታቹ በር ገባች፣ አልጋውን በመዳፏ ጫን ጫን አደረገችና ወጣች። ጋሼ እሷ ከሄደች በኋላ ገብቶ ያንኑ ቦታ ጫን ጫን አደረገ። ያን ሰሞን ሌላ ወሬ አልነበረውም።

መኪናው የመጣ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ሰማያዊ፣ ረጅም፣ አፍንጫው ደረቴ የሚደርስ! እኔ ስንት ዓመት አውቶቡስ የነዳሁ ሴትዮ እንኳ እልል አልኩ። ጋሼ መሪው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ሞተሩን አላስነሣም፣ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ምሳውን እዚያው በላ። ከሰዓት በኋላ "ውረድ እንጂ ጋሼ" ብንለው "ወንበሩ እንዳይቀዘቅዝ" አለን።

ተጎታች ይዞ ወደ ኋላ መንዳት ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ለዚህ ሥራዬ ሜዳልያ ይገባኛል። መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር ተጎታቹ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ጋሼ ይሄን እንደ ስድብ ነው የሚያየው። "ማን አዘዘው?" ይላል በመስኮት አንገቱን አውጥቶ። ለማለማመጃ የባልንጀራዬን ቀላል ተጎታች ተውሰን ነበር፤ በእሱ የጎረቤትን የልብስ ገመድ ከነልብሱ ይዘን ዋናው መንገድ ድረስ ሄደናል። ባለቤትየዋ ቀሚሷን እያሳደደች ስትሮጥ በስፖኪዮ አይቻት መተንፈስ እስኪያቅተኝ ሳቅሁ።

ዋናውን ቤት ያያያዝን ዕለት ነው ጉዱ የፈላው። ተጎታቹ በመጎተቻው ኳስ ላይ ሲያርፍ የፒካፑ ጭራ መሬት ሊስም ወረደ፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ ተቀሰረ። የፊት መብራቱ የጎረቤትን ጣሪያ ያበራ ነበር። እህቴ ከበሩ ላይ ሆና ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቧ ሳቀች።

"ባሕር ነው ጨረቃ ነው የምትሄደው?"

"ሳይመዘን አይንቀሳቀስም" አልኩ እኔ ቆጣ ብዬ። የመኪና ሚዛን ያለው ከእኛ ቤት ጥግ፣ አሸዋ የሚራገፍበት ግቢ ውስጥ ነው። እየተንፏቀቅን ወሰድነው። እህቴም በቤት ቀሚሷና በነጠላ ጫማዋ ተከተለችን። "ልስቅ ነው የምመጣው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ" አለች።

ሚዛን ተቆጣጣሪው በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ተጎታቹን ከላይ እስከ ታች አየው። "ይሄ ምንድን ነው? የባንክ ካዝና ነው?"

"ቤት ነው" አለ ጋሼ ደረቱን ነፍቶ።

"ሁለት ቶን ትርፍ አለው። አራግፍ!"

ፍራሹን አወረድን፣ ድስቱን አወረድን፣ ብርድ ልብሱን አወረድን። ቁጥሩ ሊንቀሳቀስ ነው? ክብደቱ ያለው ብረቱ ላይ ነው።

"ድርቡን ፍታዋ" አለ ሰውየው። "ቡሎኑ የታለ?"

ጋሼ አቀረቀረ። "ቡሎን የለውም።"

ከኋላችን የተሰለፉት የአሸዋ መኪና ሹፌሮች መጀመሪያ ጡሩንባ ነፉ፣ ቀጥሎ ወርደው መጡ፣ ነገሩን ሲሰሙ ሳቁ። ጋሼ ግን ለመንገድ ብሎ የያዘውን የብየዳ ማሽንና መቁረጫ ከተጎታቹ አውጥቶ ከሰውየው ክፍል መብራት ሳበና የገዛ ሥራውን መቁረጥ ጀመረ። የላሜራውን ጥላ ቆረጠው። ተመዘነ። "ገና!" አለ ተቆጣጣሪው። ሁለተኛውን በር ቆረጠው። "ገና!" ቀጥሎ ሹፌሮቹም አብረው ይጮኹ ጀመር፦ "ገናኣኣኣ!" የሚለውን ድምፅ ሰምቶ መንገደኛ ሁሉ ገባ።

እህቴ ዳር ቆማ ስትስቅ ቆየችና አንድ ቦታ ላይ ሳቋ ቆመ። ይሄ ሰው የሠራውን ሲያፈርስ አይታው አታውቅም። አንድ ላሜራ በወደቀ ቁጥር ፊቱ ይጨማደዳል፣ ግን እጁ አያቆምም። ከመሬት አንድ ቁራጭ ፌሮ አነሣችና ወደ ተጎታቹ ተጠጋች።

"ያንን መከታ ቁረጠው" አለችው በፌሮው እያመለከተች። "የውስጡን ሳይሆን የውጩን! አዎ። አሁን ከሥር ያለውን ወለል። ምን ታየኛለህ? ቁረጠው እንጂ!"

ቆረጠው። እሷ ታመለክታለች፣ እሱ ይቆርጣል፣ ሹፌሮቹ ይጮኻሉ፣ እኔ ከሳቅ ብዛት ሆዴን ይዤ አሸዋ ላይ ተቀምጫለሁ። ተጎታቹ ቀስ በቀስ ያኔ መጀመሪያ የተሠራውን መጠነኛ ቤት መሰለ። ዕቃውን መልሰን ጫንነው፤ የፒካፑም አፍንጫ ከሰማይ ወረደ።

"አሁን የሚሄደው ሰው ይሳፈርና ከነሰው እንየው" አለ ተቆጣጣሪው። "ስንት ናችሁ?"

ጋሼ መሪው ላይ ወጣ። እህቴን ዞሮ አላያትም። "አንድ" አለ።

"አንድ ሰው ከሆነ ለጥቂት አልፈሃል። ሂድ!"

 ጋሼ ግን ሞተሩን አላስነሣም። ያኔ ነው እህቴ ፌሮውን የወረወረችው። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ በፒካፑ ፊት ዞራ ሄደች፣ በሩን ከፈተች። ከፍታው አስቸግሯት ከኋላ የገፋኋት እኔ ነኝ።

"ሁለት በል" አለችው ተቆጣጣሪውን። "እኔንም ጨምረህ መዝን።"

ሰውየው ቁጥሩን አየ። እህቴን አየ። አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ "ገና" አለ።

ግቢው በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ።

"እኔ አልወርድም!" አለች እህቴ ቀበቶዋን እያሰረች።

ጋሼ ወረደ። ወደ ኋላ ሄዶ የብየዳ ማሽኑን ታቅፎ አመጣና እግሬ ሥር አስቀመጠው።

"ጋሼ፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሰበርስ?"

"ይሰበራ!" አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቶት ይስቃል። ዕድሜውን ሙሉ ነገር እንዳይሰበር ሲደርብ የኖረ ሰው ነው ይህን ያለው።

ጋሼ ተመልሶ መሪው ላይ ሲወጣ "ደረሰ!" ብሎ ጮኸ ተቆጣጣሪው፣ ሹፌሮቹም ጡሩንባቸውን አቀለጡት።

"ልብስሽስ? ጫማሽስ?" አልኳት በመስኮት።

"ሮጠሽ አምጪልኝ። እኔ አሁን ከወረድኩ ተመልሼ መውጣቴን እንጃ፣ ፈርቻለሁ።"

"ቀለል ቀለል ያለውን!" አለ ተቆጣጣሪው ከኋላዬ።

ልብሷን በፌስታል ይዤ እያለከለክሁ ስመለስ ሰውየው የማለፊያውን ወረቀት እየሞላ ነበር። ብዕሩን አንሥቶ ጋሼን ጠየቀው።

"የጫንከው ምንድን ነው? ብረት ልበል?"

"አይ" አለ ጋሼ። "ሚስቴን ነው።"

ሰውየውም ሳይስቅ እንደተነገረው ጻፈ።