ለፀዳለ ያልነገርኳት የወጣሁበት ምክንያት

ከኮልፌ የወጣሁ ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ለእንጀራ የምሄድ መስሎት መረቀኝ። እኔ ግን የሸሸሁት ከገዛ አልጋዬ ነበር! ዓመት ሙሉ ወንድነቴ እምቢ ብሎኝ፣ ባለቤቴ ፀዳለ ስትጠጋኝ «ደክሞኛል» እያልኩ ወደ ግድግዳ እዞር ነበር። ጀርመን አገር የብየዳ ሥራ ሲገኝልኝ እፎይ አልኩ። ስትሸኘኝ አላለቀሰችም።

የዚህ አገር ብርድ የአስኮን ክረምት በጋ ነበር ያሰኛል። ዳቦው ደግሞ ለግንብ ይሆናል! ግን ወገኖቼ፣ የሐኪም ቤቱን ልንገራችሁ። የስኳር በሽታ ተገኝቶብኝ ሐኪሙ ፊት ስቀርብ፣ አስተርጓሚ ተብለው የመጡት እናቴን የሚያክሉ እትዬ በላይነሽ፣ ነጠላቸውን እንደለበሱ!

«ከባለቤትህ ጋር በአልጋ ነገር እንዴት ነህ ይልሃል።»

«ደህና ነኝ ይበሉልኝ።»

«ላብህ ጠብ ጠብ እያለ?»

«ሞቆኝ ነው፣ እትዬ።»

«በዚህ ብርድ? ልጄ፣ እኔ አምስት ወልጃለሁ። ማንን ነው የምታፍረው? ተናገር!»

ተናገርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን የቲማቲም ዋጋ እንደሚያወሩ ሆነው ተረጎሙት! ሐኪሙም፣ «ከስኳሩ ጋር የሚመጣ ነው፤ ስንቱ ወንድ አለበት» ብሎ ልቤንም የደም ግፊቴንም መረመረና ክኒን አዘዘልኝ።

በቀጠሮዬ ተመልሼ ስሄድ፣ መድኃኒቱ ተስማምቶኝ እንደሆነ፣ መንፈሴም እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ሰውነቴ ነቅቷል! ብየዳ ላይ ሁሉ አንጎራጉራለሁ ይበሉልኝ!»

«ባለቤትህስ ደስ አላት ወይ ይላል።» እትዬ ትክ ብለው አዩኝ። «ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም።»

«በል ስልክህን አውጣ!»

እዚያው ኮሪደሩ ላይ ደውዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ከፀዳለ ኋላ የታክሲ ረዳት «አስኮ! ሳንሱሲ!» እያለ ይጮኻል።

«ጠልተኸኝ የሄድክ መስሎኝ ነበር እኮ» አለች። «መስታወት ማየት ሁሉ ትቼ ነበር።»

«በስመ አብ! እኔ አንቺን? አፍሬ ነው እንጂ፣ ፀዲዬ!»

ሳቅና ለቅሶዋን ቀላቅላ ቆየችና፣ «ይሄ ክኒንህ እኛ ፌርማታ ጋ ካለው ፋርማሲ የለም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አለ» አልኳት። ኮልፌ ሳለሁ በየቀኑ በበሩ ነበር የማልፈው።

«ታዲያ እዚያ ምን ትሠራለህ? ናልኛ!»

የሥራ ውሌ ሊያልቅ ገና ሁለት ክረምት ይቀረዋል።