በልቶ ይደር

ዘመሮ የወጣሁት ለሥራ ነው። ተወልጄ ያደግሁት መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ስለሆነ መንዝ ለእኔም የሰው አገር ነበር፤ ብርዱም፣ ጠባዩም። እንግሊዝኛ ማንም አላስተማረኝም። ከሬዲዮና ሽፋናቸው ከተገነጠለ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ለቅሜ ነው ያወቅሁት። ምንጭ የሚያጎለብት አንድ ድርጅት ከውጭ ላስመጣው ባለሙያ አስተርጓሚ ሲፈልግ እኔን ቀጠረኝ። ሰውየው አርባ ዓመት ይሆነዋል። አገሩን አልናገርም፤ ብናገር ይታወቃል።

ሁለታችንም የተከራየነው አንድ ግቢ ውስጥ ነበር። የግቢው ባለቤት ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ የጫኑ እማሆይ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ የሚገባውንም የሚወጣውንም ያያሉ።

ሥራዬ ቋንቋ መተርጎም ነበር። እኔ ግን ማንም ሳያዘኝ ደንብ ማስተማር ጀመርኩ። ነገር በልኩ ካልሆነ እረፍት የማይሰጠኝ ሰው ነኝ። ሽማግሌ ሲገባ ይነሣል። ዳቦ ሳይባረክ አይቆረስም። የሰው በግ አይቶ "ሲያምር" ብሎ ዝም አይባልም፤ "እግዜር ይባርከው" ይታከልበታል። ሰላምታ ላይ አይቸኮልም። እሱም አጥብቆ ይዞ ይማር ነበር፤ መንገድ ላይ ስንሄድ የነገርኩትን ለራሱ እየደጋገመ ሲል እሰማዋለሁ።

"ስለ በጎቼ ጤና ጠየቁኝ" አለኝ አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ። "በግ የለኝም እኮ።"

"'እግዜር ይመስገን' ትላለህ።"

"ስለሌሉኝ በጎች?"

"ስለሌሉህም።"

እማሆይ ምግብ ሲያቀርቡለት "በሞቴ ብላ" ይሉታል። መጀመሪያ ተርጉሜ ስነግረው ደንግጦ "ታመዋል እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ራሱ ጠቅልሎ ወደ እማሆይ አፍ ዘረጋና "በሞቴ" አላቸው። እማሆይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

"ይኼስ መንዜ ሆኗል" አሉ ወደ እኔ እያዩ። "የቀረው የመርሐቤቴው ነው።"

እኔም ሳቅሁ። ግን ቀልዷ ቦታዋን አግኝታ ተቀመጠችብኝ።

ክረምቱ እንዳለፈ ጎረቤታችን ላይ መርዶ ወደቀ። ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ወንድማቸው አዲስ አበባ ማረፉ ከቀትር በፊት ተሰማ። መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ እሳቸው ብቻ አያውቁም። ገብስ ሲያጭዱ ውለው እያፏጩ ሲመለሱ እኔና ፈረንጁ አገኘናቸው። በሌሉት በጎቹ ቀለዱበትና ሳቁ። እኛም አብረን ሳቅን። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከሽማግሌዎቹና ከቄሱ ጋር በራቸው ላይ ቆመን ነበር።

ከለቅሶው ስንመለስ ፈረንጁ እርምጃውን ቀንሶ ከእኔ ጋር እኩል ሄደ።

"ትናንት ሲስቁ ሁላችሁም ታውቁ ነበር" አለኝ።

"ደንቡ ነው። መርዶ ማታ አይነገርም። በባዶ ሆድ አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። በልቶ ይደር ይባላል።"

ሦስቱንም ደገማቸው። ከዚያ ቆም አለ።

"ደግ ደንብ ነው። ለእኔ ግን አይሆንም። የኔ የሆነ ነገር ሲመጣ ያኔውኑ ማወቅ ነው የምፈልገው።"

ይህን ለእማሆይ አልተረጎምኩላቸውም። ስለ ደንባቸው ምን እንዳለ ሲጠይቁኝ "ደግ ደንብ ነው አለ" ብዬ የመጀመሪያውን ብቻ ነገርኳቸው።

የፈረንጁ ስልክ ምንጩን ስናጸዳ ውኃ ውስጥ ወድቆ ተበላሽቶ ነበር። አዲስ እስኪላክለት ድረስ እሑድ እሑድ በእኔ ስልክ ወደ እናቱ ይደውል ነበር። እናቱ አርጅተዋል፤ ከታመሙም ቆይተዋል። ማነጋገሩን ሲጨርሱ ስልኩን ለእኔ እንዲሰጠኝ ይሉታል። የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው።

"ልጄ በደንብ ይበላል?"

"ይበላል" እላቸዋለሁ። "ባይፈልግም ያበሉታል።"

ይስቃሉ። ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ሲስቁ ይሰበራል።

እንደዚህ እያለን አንድ ቀን እሱን ከግንበኞቹ ጋር ምንጩ ላይ ትቼ የቧንቧ መጋጠሚያ ልወስድ ወደ ከተማ ተመለስኩ። ግቢው በር ላይ ስደርስ ስልኬ ጠራ። እኅቱ ናት። ቀስ ብላ ነበር የምትናገረው፣ እንዲገባኝ ብላ። እናታቸው በጣም ደክመዋል። ሐኪሞቹ ከነገ አያልፉም ብለዋል። አእምሯቸው ግን አለ፤ የልጃቸውን ድምፅ መስማት ይፈልጋሉ። እንዳገኘሁት ይደውል። ልክ መስማቴን ለማረጋገጥ ቃል በቃል መልሼ ነገርኳት። "አዎ፣ ልክ ነው" አለችኝ።

ይህን የምጽፈው ስለዚያ "ልክ ነው" ስል ነው። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

እማሆይ እንዝርታቸውን እያሾሩ ፊቴን አይተው ኖሯል።

"ምንድን ነው የሰማኸው?"

ነገርኳቸው። እንዝርቱ ቆመ።

"አርፈዋል በለኛ።"

"አይ፣ ደክመዋል ነው የተባለው።"

"አንተ ልጅ፣ ማን እውነቱን በስልክ ይናገራል? እኔን የልጄን ሞት ሲነግሩኝ 'ትንሽ አሞታል' ነበር ያሉኝ።"

"የእነሱ አገር እንዲህ አይደለም እማሆይ። የሆነውን ነው የሚሉት።"

እማሆይ ተነሡ። በአጥሩ ላይ ጋሼን ጠሯቸው። ጋሼ መጥተው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ፤ እማሆይ ነገሩን አስረዷቸው። እኔ ለሁለተኛ ጊዜ "በሕይወት አሉ ነው ያለችው" አልኩ። ድምፄ ትንሽ እንደነበር አስታውሳለሁ።

"ቢኖሩስ" አሉ ጋሼ። "ሰውየው ሲመሽ ደክሞት፣ ርቦት ይገባል። በአፉ ሳይቀምስ እንዲህ ያለ ነገር ልታሸክመው ነው? እኔን አብልታችሁ አሳድራችሁ ነው የነገራችሁኝ። ያን ሌሊት ስለተኛሁ ነው በማግስቱ የቆምኩት።"

"እሱ ቶሎ ማወቅ ነው የሚፈልገው።"

"ማን አለህ?"

"እሱ ራሱ።"

"እንግዲያ እንደ ባዳ ሜዳ ላይ እንንገረው? እዚህ ቤት የበላ የእኛ ሰው አይደለም?" ጋሼ ዱላቸውን መሬት ላይ አዞሩ። "ወይስ እናንተ ዘንድ መርዶ ገበያ ለገበያ ነው የሚነገረው፣ የመርሐቤቴው?"

እማሆይ ፈገግ አሉ። ጋሼም። ክፉ ቀልድ አልነበረም። ግን ዝም ያሰኘኝ እሱ ነው። ሰዎቹ እንደ ልጃቸው ሊያዝኑለት ተነሥተዋል፤ እኔ የምከራከር መጤ ነኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ደንቡን እንደ ውዳሴ ስደግመው ኖሬ፣ እዚህ ላይ ደንብ አላውቅም ልበል? "እሺ" አልኩ። ጋሼ ለቄሱና ለጎረቤቶቹ ሊነግሩ ሄዱ።

አመሻሽ ላይ በጎች ሲገቡ መጣ። ጫማው ጭቃ ነው፤ ደስ ብሎታል፤ ውኃው ከገንዳው መውረድ ጀምሯል። እማሆይ ለእንግዳ ያስቀመጡትን ቅቤ አውጥተው ነበር።

"ዛሬ በዓል ነው?" አለኝ።

"ውኃው ስለወረደ ነው" አልኩት።

እማሆይ አጠገቡ ተቀመጡ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ጢስ ነው አሉ። ሲያቆም "በሞቴ" ይሉታል። ሲያቆም "ይችን ብቻ" ይሉታል። እሱ እየሳቀ ይበላል። እኔ አንድ ጉርሻ አፌ ውስጥ ይዤ ማላመጥ ረሳሁ።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። አውጥቼ አየሁት። የእኅቱ ቁጥር ነው። አጠፋሁት።

"ማን ነው?" አለኝ።

"እናቴ ናት።"

"ሰላም በልልኝ" አለና በእማሆይ እጅ የመጣለትን ጉርሻ ተቀበለ።

ብዙ ሳይቆይ ደክሞት ተኛ። እኔ ከግድግዳው ማዶ ትንፋሹን እያዳመጥሁ አደርኩ። በመካከላችን ያለው ጭቃና ጭድ ነው። ማንኳኳት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ጎህ ሲቀድ ሰዎቹ መጡ፤ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ድምፅ ሳያሰሙ። ቄሱ ፊት ቆሙ። ጋሼ በሩን መቱ። እሱ ከፍቶ ብዙ ሰው ሲያይ እጁ በበሩ ላይ ቀረ። ምን እንደሆነ ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

"የማን ነው?" አለ በአማርኛ።

"ልጄ፣ እናትህ አረፉ" አሉ ጋሼ። "እግዜር ያጥናህ።"

ሴቶቹ አለቀሱ። እማሆይ አንገቱን አቅፈው እንደ ገዛ ልጃቸው አለቀሱለት። እሱ በሩ ሥር ቁልቁል ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ስልክ እንድሰጠው እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።

ከድንጋይ አጥሩ አጠገብ ቆሞ ተናገረ። ጀርባው ብቻ ነበር የሚታየኝ። ብዙ ጊዜ አላወራም፤ አብዛኛውን ይሰማ ነበር። ሲመለስ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ።

"መቼ ነው የደወለችው?"

"ትናንት። መጋጠሚያውን ልወስድ ስመጣ።" ከዚያ ደግሞ ጨመርኩ፤ ሳይጠየቅ መናገር ነበረብኝ። "እራት ላይም።"

"ያ እናቴ ናት ያልከኝ?"

"አዎ።"

ስልኩን መልሶ ሰጠኝ።

"እኩለ ሌሊት ላይ ነው ያረፈችው፤ እስከዚያ ድረስ ነቅታ ነበር" አለኝ። "ስልኩን ጆሮዋ ሥር አድርገውላት ነበር፣ ስደውል እንድትሰማኝ።"

ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። 

እማሆይ ከውስጥ ተጣሩ። "ምን አሉ? መቼ ነው ያረፉት?"

 ጋሼም ቀና ብለው አዩን። መልሱ ከእኔ አፍ መውጣት ነበረበት፤ ሥራዬም ዕዳዬም ነው። እሱ ግን ቀደመኝ። እማሆይን ትንሽ አይቷቸው፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው መለሰ።

"ትናንት። ቀን።"

"አላልኩም?" አሉ እማሆይ ወደ ጋሼ ዞረው። "አላልኩም? ልቤ ነግሮኝ ነበር።" እንደገና አለቀሱ።

በኋላ ብቻችንን ስንሆን "አትንገራቸው" አለኝ። ሌላ አላለም። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ደግ ነበር። ለቅሶ በተቀመጠበት ሁሉ ያስተማርኩትን አንዱንም አላጎደለም፤ ሽማግሌ ሲገባ ይነሣል፣ ንፍሮ ሲሰጡት በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ብላ ሲሉት ይበላል። ሲያጽናኑት "አሜን" ይላል። ሰዎቹ እየወጡ በእኔ ትከሻ ላይ እጃቸውን ያሳርፉ ነበር። "ደግ አደረግህ" አሉኝ ጋሼ። "እንደ ሰው አረዳኸው።"

የምንጮቹ ሥራ ሲያልቅ አገሩ ገባ። እኔ እዚያው ግቢ ቀረሁ። እማሆይ ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ይህን ነገር ይተርካሉ፤ ባሕር አቋርጦ የመጣ ሰው እዚህ ወገን እንዳላጣ፣ በልቶ አድሮ እንደተነገረው። መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ይዞራሉ። "ስልኩን የሰማው እሱ ነው፤ ጠይቁት።" እኔም "እንደነገሯችሁ ነው" እላለሁ። በቃል ትክክለኛነት የምመጻደቅ ሰው ይህን ስንት ጊዜ እንዳልኩት መቁጠር ትቻለሁ።

ፈረንጁ አንዳንዴ ይደውላል። የሚጠይቀው ስለ እማሆይ ጤና ነው፤ በጎቹ ደኅና እንደሆኑም ይጠይቀኛል፣ እኔም በግ የለኝም። "እሳቸው ላይ የሆነ ነገር ካለ" አለኝ አንድ ጊዜ፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ።

ዘንድሮ በጾሙ መግቢያ እማሆይ ታመሙ። ጠጉሩን መፍተል ተዉ፤ ከመደባቸውም አልነሣ አሉ። ጋሼ በየቀኑ እየመጡ እግራቸው ሥር ይቀመጣሉ።

"ለልጄ እንዳትነግረው" አሉኝ። "በሰው አገር ሆኖ ለምን ይጨነቃል? ሲሻለኝ ትነግረዋለህ።"

"እሺ" አልኳቸው። ጋሼም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወጥቼ አጥሩ ዘንድ ቆምኩ። ምሽት ነው። በልቶ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ብቻውን ይሁን ከሰው ጋር አላውቅም። ደወልኩ። እማሆይ እንደታመሙ፣ ሐኪም ያየውን፣ ያልበሉትን፣ እንዳልነግረው ያሉኝንም ሳይቀር፣ ምንም ሳልቀንስ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ "ስጣቸው" አለኝ።

ገብቼ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። ጋሼ ቀና ብለው ክፉኛ አዩኝ። እማሆይ ድምፁን ሲሰሙ መጀመሪያ እኔን በዓይናቸው ገሠጹኝ። ከዚያ ፊታቸው ተፈታ።

"በላህ ወይ?" አሉት።

የመለሰው አልተሰማኝም። እሳቸው ግን ያዳምጡ ነበር፤ እኔም ክንዴ እስኪዝል ስልኩን ከጆሯቸው አላነሣሁትም።