ወደ ግድግዳ የዞረችው መርከብ

ትናንት የልጅ ልጄ ለትምህርት ቤቱ ካርታ ሊለጥፍ ዱቄት በጥብጦ እሳት ላይ ሲያማስል ከቤት ወጣሁ። ያ የሙጫ ሽታ ዛሬም ያንቀኛል። ምክንያቱን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ላንተ ልንገርህ።

ወረታ አራተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ስለ ዓለም አገሮች የሚያስተምሩ መጽሔቶች ነበሯቸው። ጽሑፉ የፈረንጅ ነው፤ እሳቸው ግን ከየሥዕሉ ግርጌ አማርኛውን በእርሳስ ጽፈውበታል። ለሌላው ተማሪ አንድ አንድ እያወጡ ሲያውሱ ለእኔ ሰባቱንም ሰጡኝ። "አደራ፣ አንቺ ትጨርሻቸዋለሽ" አሉኝ። ከሁሉ የወደድኩት የአንዲት ነጭ መርከብን ጉዞ ነው። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው ባሕር ማለት ይኸው ነው ብዬ የማምን ልጅ፣ ዳር የሌለው ውሃ አየሁ። እንዳያልቅብኝ በቀን አንድ ገጽ ብቻ እገልጥ ነበር። ሞኝነቴ!

ጥር ላይ እናቴ ቤቱን አስመርጋ ወረቀት ማፈላለግ ያዘች። ያን ጊዜ ሠርግ ያለበት ቤት ግድግዳው በወረቀት ይለበጣል። የወንድሜ ሠርግ መስሎኝ እየዘፈንኩ ሙጫውን ያማሰልኩት እኔው ነኝ። ሙጫው ሲደርስ እናቴ መጽሔቶቹን ታቅፋ መጣች።

"እማዬ፣ የሰው ነው! መመለስ አለብኝ" አልኳት።

"ተማሪ ቤት የምትመለሺ ይመስል!" አለች፣ ቀና ሳትል። "ደግሞ ሥዕሉን ወደ ጭቃው አዙሪው። አባ ሊባርኩ ሲገቡ ራቁቱን የቆመ ሰው ይዩ?"

ሠርጉ የእኔ መሆኑን ያወቅሁት እንዲህ ነው። እጄ ግን መለጠፉን አላቆመም፤ እናት ከተናገረች አበቃ። መርከቧንም ለጠፍኳት። ገና ሦስተኛው ወደብ ላይ ነበርኩ።

መምህሩ ለሠርጉ ተጠርተው መጡ። ከተከናነብኩት ኩታ ስር አያቸው ነበር፤ ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ አዩት።

"ወረቀትዎን አጠፋንብዎ መምህር" አለች እናቴ እየሳቀች።

"ይሁን እመይቴ፤ እሷ ከቀረች ግድግዳው ይማርበት" አሉ። ጠላውን ሳይቀምሱ ወጡ።

ባሌ ቤት፣ ቁሐር ሚካኤል ወደሚባል መንደር ወሰዱኝ። ለመልስ ስመጣ፣ ሰው ሳያየኝ የመርከቧን ገጽ በጥፍሬ ላጥኩት። ወረቀቱ በውፍረቱ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ጀርባው እጄ ላይ ቀረ፣ ሥዕሉ ከነእርሳስ ጽሑፉ ጭቃው ላይ ተጣብቆ ቀረ።

ልጆቼ ተምረዋል፤ ሰው "ተካስሽ" ይለኛል። አልተካስኩም። ያ ቤት በጎርፍ ከፈረሰ ቆየ፣ መምህሩም አፈር ሆነዋል፤ መርከቧ ከሦስተኛው ወደብ ተነሥታ ወዴት እንደሄደች የምጠይቀው ሰው የለኝም።